ነገርን ከሥሩ፦ የ14 ሰርቨሮችን ፓስወርድ የቀየርንበት ሌሊት

ፖስታው ቡናማ ነው። አፉ ላይ ማኅተም ተመትቶበታል፤ በማኅተሙ ላይ ደግሞ ሁለት ፊርማ አለ። ከካዝና ሲወጣ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ጸሐፊዋ ቀኑንና ሰዓቱን መዝገብ ላይ አሰፈሩና መቀስ አቀበሉኝ። ውስጡ ለአራት የታጠፈ አንድ ነጭ ወረቀት ነበር። 14 መስመር። በእያንዳንዱ መስመር የአንድ ሰርቨር ስምና የሩት ፓስወርዱ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ።

ነገሩ ከተፈጸመ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። በምሠራበት መሥሪያ ቤት ሰርቨሮቹን ለረጅም ጊዜ ያስተዳደረው ባልደረባችን ሥራ ለቀቀ። በሰላም ነው የለቀቀው፤ ኬክ ተቆርጦለት፣ ተመርቆ ሄደ። ቢሆንም ሰው ሲለቅ ፓስወርድ ይቀየራል። ይህን ብዙ ሰው እንደ አለመተማመን ያየዋል። አይደለም። ተከራይ ሲለቅ ቁልፍ ይመልሳል። ፓስወርድ ግን የሚመለስ ነገር አይደለም፣ ሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ጓጉንቸሩ ራሱ ይቀየራል።

ሰርቨሮቻችንን የሚያስኬዱት ሲስተሞች ዩኒክስና ሊነክስ ይባላሉ፤ በእነሱ ዓለም ትልቁ አስተዳዳሪ ሩት ይባላል። ሥር ማለት ነው። እኛ አገር «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል፤ ሰርቨር ፊት በተቀመጥኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ አባባል ነው። ሩት የሆነ ሰው ማንኛውንም ፋይል ያነባል፣ ማንኛውንም ፋይል ይሰርዛል፣ የሌላውን ሁሉ ፓስወርድ ይቀይራል። ከሱ በላይ የሚጠየቅ የለም። በዕለት ተዕለት ሥራ እኛ በየራሳችን አካውንት ገብተን፣ የሩትን ሥልጣን ለጊዜው በሚያውሰን ሱዱ በሚባለው መንገድ ነው የምንሠራው። የሩት ፓስወርድ የሚያስፈልገው ለክፉ ቀን ነው። ኔትዎርክ ሲጠፋ፣ ሰርቨሩ አልነሣ ሲል፣ ሞኒተርና ኪቦርድ ይዞ ማሽኑ ፊት መቆም ሲመጣ። ለዚያ ቀን የተቀመጠ ቃል በዚያ ቀን ካልሠራ፣ ሌላው ጥንቃቄ ሁሉ ዋጋ የለውም።

አብረውኝ የሠሩት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። በዕድሜ ከእኔ 20 ዓመት ይበልጣሉ። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ እሳቸው ሶላሪስ የሚባለውን የዩኒክስ ዓይነት ሰርቨር ላይ ሲተክሉ ነበር። ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ላይ ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ ተገናኘን። ክፍሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ ጋቢ ይዘው መጡ። ሥራው ሲታሰብ የአንድ ሰዓት ነው፤ ትእዛዝ መጻፍ፣ አዲሱን ፓስወርድ ሁለቴ ማስገባት፣ ወደ ቀጣዩ ማለፍ። ያበቃው እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የቅዳሴው ድምፅ ከሩቅ እየተሰማ ነው።

ገና ሳንጀምር «ሁለት መስኮት ክፈቺ» አሉኝ። «በአንዱ ቀይሪ። ሁለተኛውን ግን እንዳትነኪው። ሩት ሆኖ ዝም ብሎ ይቀመጥ። አዲሱ ፓስወርድ በሦስተኛ መስኮት መግባቱን በዓይንሽ ሳታዪ የመጀመሪያዎቹን እንዳትዘጊ።»

ይህች ምክር ብቻዋን ስንቱን ሰው ከጭንቅ እንዳወጣች እግዜር ይወቀው። ክፍት የሆነ የሩት መስኮት ፓስወርድ ስለተቀየረ አይዘጋም። አንዴ ገብቷል። አዲሱ ባይሠራ፣ የተሳሳተው ነገር ምንም ይሁን ምን፣ በዚያ መስኮት ተመልሶ ማስተካከል ይቻላል። ዘግቶ የወጣ ሰው ግን በሩን በራሱ ላይ ቆልፏል።

11 ሰርቨሮች ያለ ችግር አለፉ። የሚተረክ ነገር የላቸውም። ቀሪዎቹ ሦስቱ ናቸው ሌሊቱን የበሉት።

በመጀመሪያው ላይ የኛ አካውንቶች ሱዱ አልተሰጣቸውም። መግቢያው በወረቀቱ ላይ ያለው አሮጌ ፓስወርድ ብቻ ነው። አስገባሁት። እምቢ አለ። ደግሜ አስገባሁ። እምቢ። ሦስተኛውን ልሞክር ስል ጋሼ እጄን ያዙ። ሲስተሙ ተደጋጋሚ ስህተት ሲያይ አካውንቱን የሚቆልፍ ከሆነ፣ ትክክለኛውም ፓስወርድ አይገባም። ወረቀቱን መብራት ስር ይዘን አየነው። ባልደረባችን ጥሩ ጽሕፈት ነበረው፤ ግን አንዷ ምልክት ዜሮ ትሁን ኦ አትለይም። ሌላዋ አንድ ቁጥር ትሁን ትንሿ ኤል አይታወቅም። ሦስተኛዋ አምስትም ትመስላለች ኤስም። ሦስት ጥርጣሬ፣ እያንዳንዱ ሁለት አማራጭ፤ ሁለት ሲባዛ በሁለት ሲባዛ በሁለት፣ 8 ሙከራ ማለት ነው። ሁለት ከሞከርን በኋላ ሩብ ሰዓት እየጠበቅን ቀጠልን። ስድስተኛው ከፈተ።

ባይከፍት ኖሮ ረጅሙ መንገድ ይጠብቀን ነበር። ሰርቨሩን ማስነሣት፣ ግራብ የሚባለው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ማቋረጥ፣ የማስነሻው መስመር መጨረሻ ላይ አንድ ቃል ጨምሮ ሲስተሙ ሙሉ በሙሉ ሳይነሣ መግባት፣ ከዚያ ዲስኩን ለመጻፍ ከፍቶ ፓስወርዱን መቀየር። ይህን በሌላ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ሬድ ሃት በሚባለው የሊነክስ ዝርያ ላይ አንድ ወጥመድ አለው፤ ኤስኢሊነክስ የሚባል የደኅንነት ጠባቂ። እሱ በእያንዳንዱ ፋይል ላይ የማንነት ምልክት ይለጥፋል። በዚያ ግማሽ በተነሣ ሁኔታ ውስጥ የተጻፈው የፓስወርድ ፋይል ትክክለኛው ምልክት ሳይኖረው ይቀራል። ሲስተሙ ሲነሣ ፋይሉ አለ፣ ፓስወርዱም ልክ ነው፣ ግን ማንም አይገባም። መፍትሔው ከመውጣት በፊት በሥረኛው ፎልደር ላይ አውቶሪሌብል የሚባል ባዶ ፋይል መፍጠር ነው። እሱን ሲያይ ሲስተሙ በሚቀጥለው ማስነሻ ምልክቶቹን ሁሉ እንደ አዲስ ይለጥፋል። የመጀመሪያ ጊዜ ይህን ረስቼ ስንት ሰዓት የራሴን ጣቶች ስጠራጠር እንደዋልኩ አልረሳውም።

ሁለተኛው ሰርቨር ላይ የደረሰው ግን እስካሁን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነው።

ሊነክስ ነው፣ የውስጥ ሥራ የሚያስኬድ፣ ማንም ስሞታ ያላቀረበበት። ትእዛዙን ሰጠሁ። አዲስ ፓስወርድ አስገቢ አለኝ፣ አስገባሁ። ድገሚ አለኝ፣ ደገምኩ። ከዚያ አንድ መስመር ጻፈ፦ ፓስወርድ፣ ኦቴንቲኬሽን ቶክን ማኒፑሌሽን ኤረር። ቃል በቃል «የማረጋገጫ ምልክቱን በማስተካከል ላይ ስህተት» እንደማለት ነው። ይህን መልእክት ያየ ሁሉ የሚያስበውን አሰብኩ፤ ፓስወርዱ አልወደደውም። አስረዘምኩት። ቁጥር ጨመርኩ። ምልክት ጨመርኩ። ያው መስመር። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ጋሼ ጋቢያቸውን ሰብስበው አጠገቤ ተቀመጡ። «ፓስወርዱን ተይው። የሚጻፍበትን ቦታ እዪ» አሉ።

ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላብራራ። ፓስወርድ ስንቀይር ቃሉ ራሱ የትም አይቀመጥም። ተፈጭቶ ነው የሚቀመጠው። ጤፍ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄት ግን ተመልሶ ጤፍ አይሆንም። ስንገባ የምንጽፈው ቃል እንደገና ይፈጭና ዱቄቱ ከዱቄቱ ጋር ይመሳከራል። ዱቄቱ የሚቀመጠው ሻዶው በሚባል ፋይል ውስጥ ነው፣ ጥላ እንደማለት። ድሮ ማንም ሊያነበው በሚችል ፋይል ውስጥ ነበር፤ በኋላ ሩት ብቻ ወደሚያየው ወደዚህ ተዛወረ። አዲስ ፓስወርድ ሲመጣ ፕሮግራሙ በአሮጌው ፋይል ላይ አይሰርዝም አይደልዝም። ጎን ለጎን አዲስ ፋይል ይጽፍና ሲጨርስ በአሮጌው ቦታ ይተካዋል። መሃል ላይ መብራት ቢሄድ እንኳ ግማሽ የተጻፈ ፋይል እንዳይቀር ነው። አስተዋይ አሠራር ነው። ስለዚህ ዲስኩ ከሞላ አይሠራም። የፋይል ቁጥር ኮታው ካለቀ፣ ዲስኩ ባዶ ቦታ ቢኖረውም፣ አይሠራም። አንድ ሰው ለጥንቃቄ ብሎ ፋይሉን «እንዳይነካ» ብሎ ካሰረው ሩት እንኳ አይቀይረውም። ሌላ ሰው በዚያው ቅጽበት እየቀየረ ከሆነም ተራ መጠበቅ ግድ ነው።

ስለ ተራ መጠበቁ አንድ የድሮ ታሪክ አለ። በ1960ዎቹ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ሲቲኤስኤስ የሚባል ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጠቀምበት ሲስተም ነበር። ሁለት አስተዳዳሪዎች በአንድ ጊዜ ፋይል ያርሙ ጀመር፤ አንዱ የፓስወርዱን ፋይል፣ ሌላው ለተጠቃሚዎች የሚታየውን የዕለቱን መልእክት። የማረሚያው ፕሮግራም ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጊዜያዊ ፋይል ስለተጠቀመ ተቀያየሩ። በዚያ ቀን የገባ ሰው ሁሉ የዕለቱ መልእክት ሆኖ የቀረበለት የሁሉም ሰው ፓስወርድ ነበር፣ ያልተፈጨ። ዛሬ የፓስወርድ ፋይልን በተራ ማረሚያ አትክፈቱ፣ ቁልፍ የሚይዘውን ማረሚያ ተጠቀሙ የሚባለው በከንቱ አይደለም።

ወደ ሌሊታችን ልመለስ። ዲስኩ አልሞላም፣ 40 ከመቶ ነው። የፋይል ኮታውም ብዙ ይቀረዋል። ፋይሉ አልታሰረም። ግራ ገባኝ። ጋሼ «አንድ ባዶ ፋይል ፍጠሪ እስቲ» አሉ። ሞከርኩ። ሪድ ኦንሊ ፋይል ሲስተም አለኝ። ለማንበብ ብቻ፤ መጻፍ የለም።

የከርነሉን፣ የሲስተሙን እምብርት፣ መዝገብ ገልብጠን ወደ ኋላ ሄድን። ሦስት ሳምንት። መብራት ሄዶ፣ ዩፒኤሱ፣ የመጠባበቂያው ባትሪ፣ ለመያዝ ሲንገዳገድ የነበረ አንድ ከሰዓት በኋላ። ዲስኩ ላይ ስህተት ተገኝቷል። ሲስተሙ የበለጠ እንዳይበላሽ ብሎ ዋናውን ክፍል ለንባብ ብቻ አድርጎ ዘግቶታል። ሎጎቹ፣ ማለትም የሲስተሙ የሥራ መዝገቦች፣ እና ዳታው በሌላ ክፍል ላይ ስለነበሩ መጻፋቸውን ቀጥለዋል። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰርቨሩ እንደ ጤነኛ ቆሞ ሲሠራ ነበር። ማንም አላወቀም። በዚያ ክፍል ላይ አንዲት ፊደል ለመጻፍ የሞከረ ሰው አልነበረማ። የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ፣ ፓስወርድ ልቀይር ብዬ።

ዝም ብለን ለመጻፍ እንክፈተው ብንልም እምቢ አለ። ጆርናሉ፣ ዲስኩ ላይ የሚጻፈው ለውጥ የሚመዘገብበት ማስታወሻ፣ ተቋርጧል፤ ሳይመረመር አይከፈትም። ልክ ነው። ዳታውን ወደ ሌላ ማሽን ገለበጥን፣ ለመገልበጥ ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ከዚያ አጥፍተን አስነሣነው፤ ዲስኩን እንዲመረምር አደረግነው። ስህተቶቹን እያስተካከለ መስመሮቹ ሲያልፉ ጋሼ ምንም አልተናገሩም። ተነሣ። ፓስወርዱን ሰጠሁት፣ የመጀመሪያውን፣ አጭሩን። ተቀበለው። ምንም አላጠፋም ነበርና።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ አንድ ነገር አምናለሁ። ፓስወርድ መቀየር አልሆን ሲል ችግሩ ከፓስወርዱ ጋር የተያያዘው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ቃሉን የምንጽፈው በአንድ ቦታ ነው። የሚቀመጠው በሌላ ቦታ፣ የሚመሳከረው ደግሞ በሦስተኛ ቦታ ነው። በመሃል ያለው መንገድ ላይ የታመመ ነገር ካለ፣ የሕመሙ ስም አይነገረንም፤ የሚነገረን ያ አንድ ድፍን መስመር ነው። ያን መስመር እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ ትኩሳት ነው ማየት ያለብን። ትኩሳት ራሱ በሽታ አይደለም፣ ግን ሰውነት ውስጥ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው።

ሦስተኛው ሶላሪስ 10 ነበር። ጋሼ ራሳቸው የተከሉት፣ አንድ አሮጌ ፕሮግራም ስላለበት ብቻ ያልተነካ። ቀየርኩ፣ ተቀበለ። በአዲሱ ገባሁ፣ ከፈተ። ሌሊት 10 ሰዓት አልፏል፣ ዓይኔ ተጨፍኗል፣ ዕቃዬን ልሰበስብ ስነሣ፦

«አሮጌውንስ ሞክረሽዋል?»

«አዲሱ ገብቷል እኮ ጋሼ።»

«አዲሱ መግባቱን አይቻለሁ። አሮጌው አለመግባቱን ነው የጠየቅኩሽ።»

አሮጌውን አስገባሁ። ከፈተ።

እንቅልፌ ጠፋ። እንደገና ቀየርኩ። አዲሱ ይገባል፣ አሮጌውም ይገባል። ሁለት ቁልፍ ለአንድ ጓጉንቸር። ሰው ሰብሮ ገብቶ ይሆን እንዴ ብዬ ልቤ ደነገጠ። ጋሼ ግን አሮጌውንና አዲሱን ፓስወርድ በወረቀት ላይ አንዱን ከአንዱ በታች ጻፉና ከስምንተኛው ፊደል በኋላ በእስክሪብቶ መስመር አሰመሩ። ከመስመሩ በፊት ያለው በሁለቱም ላይ አንድ ነው።

በመሥሪያ ቤታችን ልማድ ሁሉም የሩት ፓስወርድ በአንድ የጋራ ቃል ይጀምር ነበር፤ የሚለያየው ጅራቱ ነው። በሊነክሶቹ ላይ ሙሉው ቃል ስለሚፈጭ ጅራቱን መቀየር በቂ ነው። ሶላሪስ 10 ግን ካልተነገረው በስተቀር የድሮውን ዘዴ ነው የሚጠቀመው። የድሮው ዘዴ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ፊደላት ብቻ ወስዶ የቀረውን ይጥላል። 13 ፊደል ጻፍን፤ አምስቱን አላያቸውም።

ይህ ስምንት ከየት መጣ? በ1979 ሮበርት ሞሪስና ከዩኒክስ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ኬን ቶምሰን ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ሆነው ስለ ዩኒክስ የፓስወርድ ደኅንነት አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። ዘዴያቸው የተመሠረተው ዲኢኤስ በሚባለው የምስጠራ ስልት ላይ ነው። የዲኢኤስ ቁልፍ 56 ቢት ነው። አንድ ፊደል 7 ቢት ይዞ 8 ጊዜ ሲደመር 56። ቁልፉ ሞላ፣ ከዚያ በላይ የሚገባበት ቦታ የለም። ፓስወርዱን ቁልፍ አድርገው 25 ጊዜ ደጋግመው ይፈጩታል። ሶልት የሚባል፣ ጨው፣ 12 ቢት ይጨምሩበታል፤ አንድ ዓይነት ፓስወርድ ያላቸው ሁለት ሰዎች ዱቄታቸው እንዳይመሳሰል 4096 ዓይነት ጨው አለ ማለት ነው። ለዘመኑ እጅግ ብልህ ሥራ ነበር። የኬን ቶምሰን የራሱ ፓስወርድ ቢኤስዲ በሚባለው የዩኒክስ ዓይነት የድሮ ፋይሎች ውስጥ ተፈጭቶ ተቀምጦ ኖሮ የተሰበረው በ2019 ነው። ልክ ስምንት ምልክት ነው፤ የቼዝ መክፈቻ፣ የንግሥቲቱን ወታደር ሁለት ቤት ወደ ፊት መግፋት። ለሥራው ልክ የተሰፋ ፓስወርድ ብዬ አደንቀዋለሁ።

ለእኛ ግን 1979 በዚያ ሌሊት መሃላችን ቆሞ ነበር። ባልደረባችን አዲሱን ጅራት ሳያውቅ በአሮጌው መግባት ይችል ነበር። ጋሼ የፖሊሲውን ፋይል ከፍተው የመፍጫውን ዘዴ ወደ አዲሱ ቀየሩት። ፓስወርዱን እንደገና ሰጠነው። ይህ እንዳይረሳ፤ ዘዴውን መቀየር ቀድሞ የተፈጨውን አይቀይረውም፣ አዲስ ፓስወርድ መስጠት ግድ ነው። አሮጌውን ሞከርን። እምቢ አለ። እምቢታ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሌላ መጣ።

አንዱ ሰርቨር ላይ ኮንሶል ፊት፣ ማለትም በማሽኑ በራሱ ሞኒተርና ኪቦርድ፣ ሆኜ ሩት ልገባ ስል እምቢ አለኝ። ፓስወርዱ ትክክል ነው፣ ቅዳሜ በዓይኔ ሲገባ አይቻለሁ። ሎጉን ስናይ በየአምስት ደቂቃው አንድ የከሸፈ ሙከራ አለ። ከቅዳሜ ሌሊት ጀምሮ፣ ሳያቋርጥ። የሰርቨሮቹን ጤና የሚከታተል አንድ ፕሮግራም ነበረን፤ የሩት ፓስወርድ ውስጡ ተጽፎ ኖሯል። አሮጌው። እሱ ታማኝ ሆኖ በየአምስት ደቂቃው ያንኳኳል። መቆለፊያው ደግሞ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሦስት ስህተት ካየ ለ10 ደቂቃ ይቆልፋል፤ በእኛ ቅንብር ላይ ሩትንም እንዲጨምር ተደርጓል። ሲከፈት ያኛው ደግሞ ያንኳኳል፣ ደግሞ ይቆለፋል። ፓስወርዱን የሚያውቀው ማን እንደሆነ ሰዎቹን ቆጥረን ነበር። ፕሮግራሞቹን አልቆጠርናቸውም።

በዚያው ሰሞን አንድ ወጣት ባልደረባ ከቤቱ ደወለልኝ፤ ከሩቅ ሰርቨር ውስጥ በሚያስገባው በኤስኤስኤች ሩት ብሎ በአዲሱ ፓስወርድ ሲሞክር አይገባም። ይህኛው ቀላል ነበር። ለዚህ የምንጠቀምበት ፕሮግራም፣ ኦፕን ኤስኤስኤች፣ ከ2015 ጀምሮ፣ ከሥሪት 7.0 ማለት ነው፣ ሩት በፓስወርድ ከሩቅ እንዳይገባ በመደበኛነት ይከለክላል። ፓስወርዱ ትክክል ቢሆንም መልሱ ልክ እንደተሳሳተ ሰው «አይፈቀድም» ነው። በራስህ አካውንት ግባ፣ ከዚያ ሱዱ አልኩት። ገባ።

አሁን ወደሚያመኝ ልምጣ።

ያን ሌሊት፣ ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ አንድ ነገር ጨመርኩ። ኦዲተሮች ፓስወርድ ሁሉ በ90 ቀን ይቀየር ብለው ጽፈውልን ነበር። እኔም ሩትን ጨምሬ 14ቱም ላይ የ90 ቀን ገደብ አደረግኩ። ለጋሼ አልነገርኳቸውም። ትንሽ ነገር መስሎኝ ነው። እኛ በየራሳችን አካውንት ነው የምንገባው፣ ሩት ሆኖ የሚገባ ሰው የለም። ስለዚህ 90 ቀኑ ሲሞላ «ፓስወርድሽ አልፎበታል» ተብሎ የሚነገረው ሰው አልነበረም።

ሩት ሆኖ በየሌሊቱ የሚሠራ ግን ነበር። ክሮን። በተወሰነ ሰዓት ሥራ የሚያስነሣው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የዳታቤዙን ግልባጭ የሚወስደው ሥራ በሩት ስም ነበር የሚሄደው። ክሮን ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የአካውንቱን ሁኔታ ይጠይቃል። ፓስወርድ አያስገባም፣ ግን አካውንቱ የሚሠራ መሆኑን ያረጋግጣል። የፓስወርዱ ጊዜ አላለፈም ወይ? አልፏል። እንግዲያው ሥራው አይነሣም። ሎጉ ላይ አንድ መስመር ጽፎ ያልፋል፦ የማረጋገጫው ምልክት ጊዜው አልፎበታል፣ አዲስ ያስፈልጋል።

12 ሌሊት። 12 ሌሊት ግልባጭ አልተወሰደም። ያወቅነው አንዲት የሒሳብ ክፍል ባልደረባ በስህተት የሰረዘችውን ሠንጠረዥ መልሱልኝ ብላ ስትመጣ ነው። የሰጠኋት የ12 ቀን አሮጌ ነበር። ፊቷን አልረሳውም። አልጮኸችም። ወረቀቶቿን ሰብስባ «እሺ፣ ከደረሰኞቹ ላይ እንደገና አስገባዋለሁ» አለች። አራት ቀን አመሸች። ሁለቱን ቀን አብሬያት አመሸሁ፤ እሷ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ።

የ90 ቀን ነገር ላይ ያለኝ አቋም የተቆረጠው ያኔ ነው። በቀን መቁጠሪያ ፓስወርድ ማስቀየር ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ሰው በየሦስት ወሩ ሲገደድ ጅራት ይቀይራል፤ እኛ ያደረግነው ይህንኑ ነው። ኒስት የሚባለው የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ፓስወርድ ስለመውጣቱ ምልክት ከሌለ በየጊዜው አስቀይሩ አትበሉ ብሏል። የቀድሞውን የ2003 መመሪያ የጻፉት ቢል በር ራሳቸው በዚያው ዓመት ከጻፉት ብዙው እንደሚጸጽታቸው ለጋዜጣ ተናግረዋል። ለዚያ ንግግር ትልቅ አክብሮት አለኝ። እኛ አሁን የምንቀይረው ሰው ሲለቅ፣ ፓስወርድ ወጥቷል ብለን ስንጠረጥር፣ ወይም ፖስታው ሲከፈት ነው። ይህን ለኦዲተሮቹ በደብዳቤ አስረድተን፣ ተከራክረን፣ ተቀብለውናል። የጋራውን መነሻ ቃልም ትተነዋል። እያንዳንዱ ሰርቨር ከሌላው ጋር የማይገናኝ የራሱ ረጅም ቃል አለው።

ፖስታው አሁን ሁለት ወረቀት ይዟል። የመጀመሪያው ላይ ፓስወርዶቹ ናቸው፣ ጋሼ በጀመሩት አጻጻፍ። ዜሮ በውስጧ ሰያፍ መስመር አላት፣ ኤል ከታች ጅራት አላት፣ አጠራጣሪ ፊደል ሁሉ ስሙ ከበላዩ በአማርኛ ተጽፏል። ሁለተኛው ወረቀት የእኔ ነው። እያንዳንዱን ፓስወርድ የሚያውቅ ሰውና ፕሮግራም በዝርዝር ሰፍሯል። በሩት ስም የሚነሣ የሌሊት ሥራም ከነሰዓቱ አለ። ሰዓቱን በኛም በፈረንጅም አቆጣጠር ጽፌዋለሁ፤ 2 ሰዓት የሚል ማስታወሻ አይቶ ማታ ይሁን ሌሊት ግራ የተጋባ ሰው ስለማውቅ።

ጋሼ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጡ። ቡና ተፈላ፣ ንግግር ተደረገ፣ ካባ ለበሱ። ሰው ሲበተን ወደ ጠረጴዛዬ መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሁለተኛው ወረቀት ላይ የእኔም ስም አለ። ቅዳሜ እንዳያልፍሽ» አሉኝ። አፌ ላይ «እርስዎን እኮ...» የሚል ቃል መጣ። እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ላይ ከዚያ ወጣት ባልደረባ ጋር ገባን። ሁለት መስኮት አስከፈትኩት። ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ጨረስን። ስልኬ ጠራ።

«አለቀ?»

«አለቀ ጋሼ። ሁሉም ገብቷል።»

«አሮጌውንስ?»

«ሞክሬዋለሁ። በ14ቱም። አልከፈተም።»

«ጎሽ» አሉና ዘጉት።